ሌቭል 2 ካውንስሊንግ ልመዝገብ ወይስ ይቅርብኝ?

በዚህ መድረክ ላይ ይህን የውይይት ክር የከፈትኩት እኔ ነኝ። መልሱ በዝቶ ገጽ በገጽ ላይ ስለተደራረበ፣ አሁን የሚገባ ሰው እንዳይቸገር በተራ ቁጥሩ እየሄድኩ በራሴ ቃል ልንገራችሁ።

መጀመሪያ የጠየቅኩት ይህን ነው። የምኖረው ለንደን ነው። ሥራዬ አስተርጓሚነት ነው፤ ጂፒ (የሰፈር ሐኪም)፣ ሆስፒታል፣ ጠበቃ ቢሮ፣ የጠሩኝ ቦታ እሄዳለሁ። ዘጠኝ ዓመት ሞላኝ። ሰፈሬ ያለ ኮሌጅ በሴፕቴምበር የሌቭል 2 ካውንስሊንግ ስኪልስ ሰርተፍኬት ይጀምራል፤ ካውንስሊንግ ማለት ችግር ያለበትን ሰው በሙያ ማዳመጥ ነው። በሳምንት አንድ ማታ፣ አንድ ዓመት ገደማ። ልመዝገብ ወይስ ይቅርብኝ? ስጨርስ ካውንስለር ነኝ ማለት እችላለሁ? የኛን ሰው ቁጭ ብዬ በአማርኛ ማዳመጥ እችላለሁ?

ሐሳቡ ከየት እንደመጣም ጽፌ ነበር። አንድ ቀን አንዲት ካውንስለር ጋ ላስተረጉም ተጠራሁ። ተገልጋይዋ ተናገረች፣ እኔ ተረጎምኩ፣ ከዚያ ዝም ተባለ። ካውንስለሯ ምንም አላለችም። ብዕሯን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ትንሽ ወደ ፊት ዘንበል ብላለች። እኔ ግን «አይዞሽ» አፌ ላይ ደርሳለች። ምላሴን ነክሼ ያዝኳት፤ የተጠራሁት ልተረጉም ነውና። ደቂቃ ያህል እንዲሁ ሆነ። ከዝምታው በኋላ የመጣው ንግግር ቀድሞ ከተባለው ሁሉ የተለየ ነበር። «አይዞሽ» ብዬ ቢሆን ኖሮ ይመጣ ነበር ወይ? ይህን እያሰብኩ ሳልተኛ ነጋ። መጀመሪያ በለጠፍኩት ላይ ከዚህ የበለጠ ነበረበት። አሁን የለም። ለምን እንዳነሳሁት 7ኛው መልስ ጋ ስንደርስ እነግራችኋለሁ።

1. የመጀመሪያዋ መላሽ ሊድስ ናት፤ የዲፕሎማዋ የመጨረሻ ዓመት ላይ ነች። ሞቅ አድርጋ ሰላም አለችኝ፣ ነገሩን ግን አላድበሰበሰችውም። ሌቭል 2 ካውንስለር አያደርግም። ሌቭል 2 የማዳመጥ ክህሎት ነው፤ ሌቭል 3 ንድፈ ሐሳቡና ራስን ማወቁ ይጨመርበታል፤ ለሥራ የሚያበቃው ከዚያ በኋላ የሚመጣው ዲፕሎማ ነው፣ ብዙ ቦታ ሌቭል 4። ዲፕሎማው በትርፍ ጊዜ ሲማሩት አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ዓመት ይፈጃል። በውስጡም ከእውነተኛ ተገልጋይ ጋር ቢያንስ 100 ሰዓት፣ በሱፐርቫይዘር (ሥራውን በሚከታተል ልምድ ያለው ካውንስለር) ሥር ሆኖ መሥራት አለ። ሲደመር አራት ዓመት ነው። እሷ ልጅ እያሳደገች ስለሆነ አምስት ይፈጅባታል። እንድጀምር ግን አበረታታችኝ። ሌቭል 2 ላይ ያገኘችውን በምንም እንደማትለውጠው ጻፈች።

2. ወዲያው አንድ ወንድም በትሕትና አረማት። በሕግ ከሄድን እንግሊዝ አገር ውስጥ ካውንስለር የሚለው ስም ጥበቃ የለውም። ማንም ሰው ነገ ጠዋት ተነስቶ በሩ ላይ ሊለጥፈው ይችላል። እንደ ፕራክቲሽነር ሳይኮሎጂስትና አርት ቴራፒስት ያሉት ስሞች ግን በሕግ የተጠበቁ ናቸው። ይሁንና ቀጣሪ የሚጠይቀው በቢኤሲፒ (የካውንስለሮች የሙያ ማኅበር ነው) ወይም በመሰል ማኅበር መዝገብ ላይ መኖርን ነው። ዲፕሎማው ቢኤሲፒ ዕውቅና የሰጠው ካልሆነ፣ መዝገቡ ላይ ለመግባት የማኅበሩን የብቃት ምዘና ማለፍ ይጠይቃል። ይህን መልስ ያዙልኝ። ታች ላይ ጠብ ያስነሳው እሱ ነው።

3. አጭር መልስ ነው፣ ስለ ገንዘብ። ደሞዝ ዝቅ ያለ ከሆነ ሌቭል 2ን በነፃ ወይም በቅናሽ መማር ስለሚቻል ኮሌጁን ሳልጠይቅ እንዳልከፍል አስጠነቀቀኝ። ከሌቭል 3 ጀምሮ ዕድሜው 19 እና ከዚያ በላይ ለሆነ ተማሪ የመንግሥት የትምህርት ብድር አለ። ሰው የማያስበው ግን የዲፕሎማው ጊዜ ወጪ ነው። የሱፐርቪዥን ክፍያ አለ። ብዙ ኮርሶች ተማሪው ራሱ ካውንስለር ጋ እንዲሄድ ያስገድዳሉ፣ እሱም ከኪስ ነው። ኢንሹራንስ አለ። 100 ሰዓቱ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ያለ ክፍያ ነው የሚሠራው።

4. ኬር ሆም (የአረጋውያን መንከባከቢያ) ውስጥ ሌሊት የምትሠራ እህት መጣች። እሷም ያን ኮሌጅ ስታየው ሁለት ዓመት ሆኗታል። የምትፈራው እንግሊዝኛውን ነው። ስትናገር አይቸግራትም፤ ድርሰት ጻፊ ሲሏት ነው እጇ የሚያያዘው። የመለሰላት የሊድሷ ናት፣ እዚያው ሥር። ሌቭል 2 የዚህ አገር ልጆች በ16 ዓመታቸው ከሚፈተኑት ከጂሲኤስኢ ጋር እኩል ደረጃ ነው። ዋናው ጽሑፍ የመማሪያ ማስታወሻ ነው፤ ዛሬ ምን ተማርኩ፣ ምን ተሰማኝ፣ ሳዳምጥ የት ጋ ተሳሳትኩ የሚል። ግልጽ ሆኖ ከተጻፈ ይበቃል። እህታችን ይህን ካነበበች በኋላ አምስት ልብ ላከች።

5. መድረኩ ላይ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው አባት ገቡ። እንደ ልማዳቸው ረጋ ብለው ጻፉ። የነፍስ አባት ያለው ሰው፣ ሽማግሌ ያለው ሰው፣ እድርና ማኅበር ያለው ሰው ለምን ለማያውቀው ሰው ከፍሎ ገመናውን ያወጣል? ምክር ከኛ አልጠፋም። «ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው» ያለ ሕዝብ ምክር ከኮሌጅ አይማርም። እኔን ሊያስከፉኝ እንዳልሆነም ጨምረው ጻፉ። አልከፋኝም። ጥያቄው የብዙ ሰው ነው፤ እናቴም ብትሆን የምትጠይቀኝ እሱን ነው።

6. ከክሩ ሁሉ ደግሜ ደጋግሜ ያነበብኩት ይህን መልስ ነው። ጸሐፊዋ ሌቭል 2ን ከሰባት ዓመት በፊት ጨርሳለች፤ ነርስ ናት። ለጋሼ ነው የመለሰችው፣ እሳቸውን በማክበር። የመጀመሪያው ወር ላይ የተማረችው ምክር አለመስጠትን ነው። በሦስት በሦስት ሆነው ይቀመጣሉ። አንዱ የራሱን እውነተኛ ነገር ይናገራል፣ አንዱ ያዳምጣል፣ አንዱ ይታዘባል። አሥር ደቂቃ። ከዚያ ቦታ ይቀያየራሉ። እሷ የማዳመጥ ተራዋ ሲደርስ ጥሩ የሠራች መስሏት ነበር። ታዛቢዋ ወረቀቷን ገልብጣ አሳየቻት። ምክር በሰጠች ቁጥር ጥግ ላይ አንዲት መስመር ስታሰምር ቆይታለች። ሰባት መስመር። በአሥር ደቂቃ ሰባት ምክር፣ ያውም ሁለቱ በጥያቄ መልክ የመጡ፤ እንዲህ ብታደርጊስ፣ እሱን ሞክረሽዋል ወይ እያለች።

ንድፈ ሐሳቡንም አስረዳች። አብዛኛው የመጀመሪያ ደረጃ ኮርስ የሚነሳው ከአሜሪካዊው ካርል ሮጀርስ ነው። ሮጀርስ በ1957 ባወጣው ጽሑፍ ሰው እንዲለወጥ የሚያስፈልጉ ስድስት ሁኔታዎችን አስቀመጠ። ከነሱ ውስጥ ሦስቱ የአዳማጩ ድርሻ ናቸው። አንደኛው ኢምፓቲ ነው። ይህን በአማርኛ አዘኔታ ብንለው እንሳሳታለን ትላለች፤ አዘኔታ ከላይ ወደ ታች ያያል፣ ኢምፓቲ ግን የሰውየውን ዓለም በራሱ በሰውየው ዓይን ለማየት መሞከር ነው። ሁለተኛው ያለ ቅድመ ሁኔታ መቀበል ነው፤ ብታጠፋም ባታጠፋም አከብርሃለሁ እንደማለት። ሦስተኛው አለማስመሰል ነው። እሷ በጣም የተቸገረችው ሦስተኛው ላይ ነው። ነርስ ሆና ፊቷን መያዝ ለምዳ ነበርና።

ችግሩ ቃላችን ላይም እንዳለ ጽፋለች። ካውንስሊንግን የምክር አገልግሎት እንለዋለን። ሰውም ምክር ሊቀበል ይመጣል፣ አዳማጩም ምክር ሊሰጥ ይቀመጣል። ገና ሲጀመር ሁለቱም ቦታቸውን ስተዋል። ጋሼ ምክር ከኛ አልጠፋም ማለታቸው እውነት ነው፣ ከኛ የጠፋው የሚያዳምጥ ሰው ነው አለች። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ተስማማ፤ እኔም ተስማምቻለሁ።

7. ይህ መልስ ቆጣ ያለ ነው፤ ትክክልም ነው። ጸሐፊዋ ሶሻል ወርከር ናት። ስለ ተገልጋይዋ በጻፍኩት ላይ ስም የለም። ወሩ ግን ነበረ፣ ሰፈሩ ነበረ፣ ሴትየዋ ስለማን እንደተናገረች ነበረ። አበሻ በሙሉ አንድ ቤተ ክርስቲያንና አንድ ቡና ቤት በሚገናኝበት ከተማ ይህ ስም ከመጥራት አይለይም። አስተርጓሚም እንደ ካውንስለሩ ምስጢር ጠባቂ ነው። ይህን ሳላውቅ ካውንስለር ልሁን ማለቴ አስገርሟታል፤ ለስለስ አላደረገችውም።

አውቶቡስ ላይ ሆኜ ነው ያነበብኩት። ፊቴ ጋለ። ከመውረዴ በፊት ያን አንቀጽ አነሳሁና እዚያው ይቅርታ ጠየቅኩ። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ እቤቴ እንኳ ሳልናገር የኖርኩትን ነገር፣ ጥሩ ዓላማ አለኝ ብዬ ሺህ ሰው ፊት ለጥፌው ነበር።

8. አንድ ወንድም ሊከላከልልኝ ሞከረ። በውስጥ መስመር ቢነገረኝ ይበቃ ነበር፣ ሰው ፊት ማሳፈር ደግ አይደለም አለ። ስለ ደግነቱ አመሰግነዋለሁ፣ ግን አልተስማማሁም። ሰው ፊት ያጠፋሁትን ሰው ፊት መታረሜ ተገቢ ነው።

9. የነርሷ ጓደኛ የምስጢርን ወሰን አብራራች። ካውንስለር በመጀመሪያው ቀን ለተገልጋዩ የሚነግረው ነገር አለ። ራስህን ወይም ሌላ ሰው ልትጎዳ የምትችልበት ከባድ አደጋ ካለ፣ ሕፃን ላይ ጉዳት ካለ፣ የሽብር ጉዳይ ከሆነ ምስጢሩን ልጠብቅ አልችልም ይለዋል። ሌቭል 2 ላይ ይህን መናገር ይለማመዳሉ። የኛ ሰው ይህን ሲሰማ እንደሚደነግጥ፣ ግን ቀድሞ መስማቱ ኋላ ላይ እንደሚያሳምነው ጻፈች።

10. ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ያለ ወንድም የአሜሪካውን ነገረን። እዚያ ሌቭል የሚባል ነገር የለም። ማስተርስ ያስፈልጋል፣ 60 ክሬዲት። ከዚያ በሱ ስቴት በሱፐርቪዥን 3,400 ሰዓት ይሠራል፣ ፈተና ይወሰዳል፣ ከዚያ ነው ላይሰንስ የሚገኘው። ያለ ላይሰንስ ያን ስም መጠቀም በሕግ ያስጠይቃል። ወደ አሜሪካ የመሄድ ሐሳብ ያለው ሰው ዲፕሎማዬን ይዤ እሠራለሁ ብሎ እንዳያስብ መከረ። ሌላው ስቴት የራሱ ቁጥር እንዳለውም አስታወሰ።

11 እና 12. ከዚህ ወዲያ ወሬው ወደ ቨርጂኒያና ለንደን የቤት ኪራይ ሄደ፣ ከዚያ ወደ እንጀራ ዋጋ።  እዚህ ላይ አልቆይም።

13. አዲስ አበባ ያለች ሳይኮሎጂ የተመረቀች ልጅ ስለ ቃሉ ጨመረችልን። ቪሲቲ (በፈቃደኝነት የሚደረግ የኤችአይቪ ምክርና ምርመራ) በየጤና ጣቢያው በተስፋፋበት ዘመን ምክር ማለት የኤችአይቪ ምርመራ ማለት ሆኖ ነበር። እናቷ እስከ ዛሬ የምክር አገልግሎት የሚል ጽሑፍ በር ላይ ካየች ወደዚያ አትቀርብም። ይህን ሳነብ የኔም ልጅነት ትዝ አለኝ። ከዚያ ጥያቄዋን ጠየቀች፤ በቅርቡ በትዳር ወደ እንግሊዝ ስለምትመጣ ዲግሪዋን ይዛ ከሌቭል 2 መጀመር አለባት ወይ?

14. የ2ኛው ወንድም ተመልሶ መጣ። ዲግሪዋን ዩኬ ኤኒክ የሚባል ተቋም አይቶ ከዚህ አገር ደረጃ ጋር ያነጻጽርላታል። ሆኖም የሳይኮሎጂ ዲግሪ ስለ አእምሮ ያስተምራል እንጂ ሰው ፊት መቀመጥን አያለማምድም። አብዛኛው ኮሌጅ ዲግሪ ያለውንም ሰው የክህሎት ኮርሱን እንዲያልፍ ይጠይቃል። የኔን አስተያየት ከጠየቃችሁኝ፣ ሰባቱን መስመር ያሰመረችዋ ታዛቢ ዲግሪ አይታ አትተውም።

15. ጠቡ የጀመረው እዚህ ነው። አንድ ሰው ይህ ሁሉ ዓመት ለምን ብሎ ጀመረ። እሱ ኢንተርኔት ላይ ቅዳሜና እሑድ ቪዲዮ አይቶ የካውንስሊንግ ዲፕሎማ አግኝቷል። አሁን ባልና ሚስት በቴሌግራም ያማክራል፣ በሰዓት ያስከፍላል፣ ደንበኛም አላጣም። ስልክ ቁጥሩንም አስቀመጠ። አወያዩ ቁጥሩን አጠፋው።

16. የሊድሷ በዚህ ጊዜ ሰላምታ አልሰጠችም። ጥያቄ ደረደረችበት። ሱፐርቫይዘርህ ማነው? ኢንሹራንስ አለህ? አንዷ ሚስት ባሌ ይመታኛል ብትልህ፣ ባልየው አጠገቧ ተቀምጦ እየሰማ፣ ምን ታደርጋለህ? ቅሬታ ያለው ሰው የት ይሄዳል? ለኛ ደግሞ መለያውን ነገረችን። የእንግሊዝን እውነተኛ ሰርተፍኬት ኦፍኳል የሚባለው ተቆጣጣሪ በመዝገቡ ይዞታል፤ ቁጥሩን ኢንተርኔት ላይ ፈልጎ ማግኘት ይቻላል። እንደ ሲፒሲኤቢ ያሉት ሰርተፍኬት ሰጪዎች እዚያ ላይ አሉ። በሰው ፊት ያልተለማመዱት ኮርስ፣ ስሙ ዲፕሎማ ቢባል እንኳ፣ ሌቭል 2ን አያክልም።

17. ሰውየው ተናደደ። የ2ኛውን ወንድም መልስ መዘዘ፤ ሕግ አይከለክለኝም ተብሎ ከላይ ተጽፏል አለ። ሰው ሲጠቀም የሚቀኑ ሰዎች ናችሁ ብሎ ሌላም ጨመረ፣ እሱን አልደግመውም። ለጥያቄዎቹ ግን አንድም አልመለሰም።

18. የ2ኛው ወንድም ስሙ ሲነሳ ዝም አላለም። የጻፈው የሕጉን ክፍተት ለማሳየት እንጂ ለማንም ፈቃድ ለመስጠት እንዳልሆነ በአጭር አስቀመጠ። ሕጉ ክፍተት ስላለበት ነው መዝገብ የሚታየው። ሰውየው ከዚህ በኋላ አልተመለሰም።

19. በጠቡ መሃል ይህ መልስ ሳይነበብ ሊያልፍ ነበር። ኮቨንትሪ ያለች ሴት ስለ ራሷ ነው የጻፈችው። ወንድሟ ከሞተባት በኋላ ጂፒዋ ወደ ካውንስለር ላካት። አስተርጓሚ በስልክ ተሰጣት። ሆድ ባሰኝ አለች። አስተርጓሚው የሆድ ሕመም ብሎ ተረጎመው። ካውንስለሯ ስለምትበላው ምግብ ጠየቀቻት፣ ሐኪም እንዳየውም ጠየቀቻት። እሷ በእንግሊዝኛዋ ልታርመው ሞከረችና ደከማት። ሁለተኛ አልሄደችም። የኛ ሐዘን ሆድ ውስጥ ነው፤ ሆዴ ባባ፣ ሆድ ባሰኝ፣ ሆዴን ባር ባር አለኝ እንላለን። ይህን ሳይተረጎም የሚሰማ ሰው ነበር የፈለገችው።

ሌላም ነገር አለ አለች። ሁለተኛ ጊዜ አስተርጓሚ በአካል ቢመጣላትና የምታውቀው ሰው ቢሆን ኖሮ ደግሞ ጭራሽ አትናገርም ነበር። በአማርኛ የሚሰማት ሰው ትፈልጋለች፣ ግን የማያውቃት። በትንሽ ማኅበረሰብ ውስጥ ይህን ሰው ከየት ታገኛለች? ማንም የመለሰላት የለም። እኔም መልሱ የለኝም።

20. ጋሼ ተመለሱ። የ19ኛዋን አንብበው እግዚአብሔር ያጽናሽ አሏት። አቋማቸውን አልቀየሩም፤ የነፍስ አባት በካውንስለር አይተካም። ግን አንድ ነገር ጠየቁ፤ ቄስ ሌቭል 2ን መማር ይችላል ወይ? ነርሷ መልሱን ለመስጠት ጊዜ አልፈጀባትም። ሌቭል 2 ለዚህም ነው የተሠራው። ነርሱ ነርስ እንደሆነ፣ አስተማሪው አስተማሪ እንደሆነ፣ ቄሱም ቄስ እንደሆነ በያለበት የተሻለ እንዲያዳምጥ። እሷም ራሷ ወደ ሌቭል 3 አልሄደችም፣ ዋርዷ ላይ ግን በየቀኑ ትጠቀምበታለች። ጋሼ ለልጃቸው ባል እንደሚነግሩት ጻፉ፤ ዲያቆን ነው።

21. አንድ ሌላ መንገድም ተጠቆመ። በእንግሊዝ የኤንኤችኤስ (የመንግሥት የጤና አገልግሎት) ቶኪንግ ቴራፒስ በ2008 አይአፕት በሚል ስም የተጀመረው አገልግሎት ነው። እዚያ ሳይኮሎጂካል ዌልቢይንግ ፕራክቲሽነር የሚባል ሥራ አለ። ሥልጠናው አንድ ዓመት ገደማ ነው፣ እየተማሩ ደሞዝ ይከፈላል፣ በኤንኤችኤስ የደሞዝ ደረጃ ባንድ 4። ካውንስሊንግ አይደለም፤ በሲቢቲ (አስተሳሰብንና ልማድን በመቀየር ላይ በሚያተኩር ሕክምና) ላይ የተመሠረተ አጭር እርዳታ ነው። ቦታው ግን ብዙ ተወዳዳሪ አለበት። አራት ዓመት ያለ ደሞዝ መማር ለማይችል ሰው መታየት ያለበት መንገድ ይመስለኛል።

22. ዱባይ ያለች እህት በኦንላይን መማር ይቻል እንደሆነ ጠየቀች። አስተማሪና ተማሪ በቀጥታ የሚገናኙበት የኦንላይን ኮርስ እንዳለ፣ ብቻውን ቪዲዮ የሚታይበትን ግን እንዳትገዛ ተነገራት። በሦስት ሆኖ የሚለማመዱት ነገር ከሌለ ገንዘቧን ትያዝ አሏት። እሷም ማታ ማታ በስልክ የምታጽናናቸው የቤት ሠራተኞች እንዳሉ፣ አንዳንዴ ምን እንደምትላቸው እንደሚጠፋት ጻፈች።

23. የኬር ሆሟ እህት ቅጹን ሞልታ እንደጨረሰች ነገረችን። እኔም በዚያው ሌሊት ሞላሁ። ለምን ይህን ኮርስ መረጥሽ የሚል ባዶ ቦታ አለው፣ ስድስት መስመር። መጀመሪያ ስለዚያች ሴት ጻፍኩ፣ ከዚያ ሰረዝኩት። በምትኩ ስለ ራሴ ጻፍኩ፤ ዝም ሲባል መታገሥ እንደማልችልና ይህን መማር እንደምፈልግ። የመግቢያ ቃለ መጠይቁ ማክሰኞ 12 ሰዓት ተኩል ማታ ነው። ሁለታችን ባቡር ጣቢያው በር ላይ ልንገናኝ ተቀጣጥረናል።